ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፦ ሁለት ልጆች ይዘን 10 ሌሊት

ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከፍሎረንስ ቬኒስ ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ካርታ ላይ ሲታይ ግማሽ ቀን እንኳን አይሞላም። ክፍል መልቀቅ፣ ጣቢያ መድረስ፣ አዲሱ ቤት እስኪከፈት መጠበቅና ትንሹን ማስተኛት ሲጨመርበት ግን ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ በጉዞ ቀን ሌላ ምንም ነገር አልያዝንም። የ2 እና የ7 ዓመት ልጆች ይዘን ሮም 4፣ ፍሎረንስ 3፣ ቬኒስ 3 ሌሊት አደርን። አራተኛ ከተማ አስበን ነበር፤ ከሁሉም የጠቀመን እሱን መሰረዛችን ነው።

የአውሮፕላን ቲኬቱን መግቢያው ሮም፣ መውጫው ቬኒስ እንዲሆን አድርገን ቆረጥን። ወደ ሮም መመለስ አንድ ሙሉ ቀን ይበላ ነበር።

የሸንገን ቪዛ (ለጣሊያንና ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የጋራ ቪዛ) ለሚያስፈልገው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማመልከቻ ይሞላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው 45 ሲሆን ከ6 በታች ነፃ ነው። ከ12 በታች የጣት አሻራ አይሰጥም። የሕክምና መድኑ ግን ለሕፃኑም ቢሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት።

የቀኖቹን ቅደም ተከተል የወሰኑት ሙዚየሞቹ ናቸው። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው፤ የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሰኞ አይከፈትም። ሐሙስ ሮም ገብተን ሰኞን የጉዞ ቀን ስናደርገው ሁለቱም ችግሮች ቀሩ። ጥንታዊው የሮም ስታዲየም ኮሎሲየም ከ18 ዓመት በታች ነፃ ቢሆንም ለልጆቹም የዜሮ ዩሮ ቲኬት በሰዓቱ መያዝ አለበት። ቲኬቱ ላይ ስም ስለሚጻፍ በር ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የአዋቂዎቹን ብቻ ይገዛና የልጆቹ ሰዓት ሞልቶ ይገኛል።

ሻንጣ የቆጠርነው በእጅ ነው። የእያንዳንዱ አዋቂ አንድ እጅ ለልጅ ወይም ለጋሪ ይያዛል፤ የሚቀረው አንድ ነው። ስለዚህ ለአራት ሰው ሁለት ባለጎማ ሻንጣና ሁለት የጀርባ ቦርሳ ብቻ። ልብስ ለ5 ቀን ይዘን ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት ተከራየን። ማድረቂያ የሌለው ቤት ብዙ ስለሆነ የመጨረሻው እጥበት ከጉዞ ሁለት ሌሊት በፊት ካልሆነ እርጥብ ልብስ ይዞ መሄድ ይመጣል። ቤት ሲከራዩ ሊፍት መኖሩን ይጠይቁ፤ በጣሊያን አቆጣጠር «አንደኛ ፎቅ» ማለት ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ነው፣ ሦስተኛ ከተባለ ደረጃው ብዙ ነው።

ባቡር ጣቢያ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የባቡሩ የመጨረሻ መድረሻ ነው። ፍሎረንስ የሚሄደው «ሚላኖ» ወይም «ቶሪኖ» ሊል ስለሚችል የምንፈልገው የባቡሩን ቁጥር ነው። የመሳፈሪያው መስመር የሚታወቀው መነሻው ሲቃረብ ስለሆነ ልጅ ሽንት ቤት የሚወሰደው ከዚያ በፊት ነው። በቬኒስ ደግሞ ሁለት ጣቢያ አለ፤ መስትሬ በየብሱ በኩል ያለው ነው። ቤቱ ደሴቶቹ ላይ ከሆነ የሚወረደው ቀጥሎ ባለው በሳንታ ሉቺያ ነው።

ሮም ላይ ጋሪ ያስፈልጋል፤ ግን የድንጋይ ንጣፉ ትናንሽ ጎማዎችን ይይዛል፣ ጎማው ትልቅ ቢሆን ይመረጣል። ውሃ አይገዛም፦ «ናሶኒ» የሚባሉት የመንገድ ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈስሳሉ፣ ይጠጣሉም። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ለ7 ዓመት ልጅ ይህ ከጥንቱ የሮም አደባባይ፣ ከፎረሙ፣ ፍርስራሽ ይበልጣል። በፍሎረንስ የካቴድራሉ ጉልላት 463 ደረጃ አለው፣ ሊፍት የለውም፤ የ2 ዓመት ልጅ ይዞ የሚሞከር አይደለም። አንዳችን ከትልቁ ጋር ወጣ፣ ሌላው ከትንሹ ጋር ሬፑብሊካ አደባባይ ላይ ካሉት የሚሽከረከሩ የመጫወቻ ፈረሶች ዘንድ ቆየ።

ያስቸገረን እራት ነው። ብዙ ምግብ ቤት ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት አይከፍትም፤ ትንሹ በዚያ ሰዓት ደክሞት ያለቅሳል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ አደረግነው፣ ማታ ቤት ውስጥ ፓስታ ቀቀልን።

ቬኒስ ላይ ጋሪው አጥፎ የሚሸከሙት ዕቃ ይሆናል። ከ400 በላይ ድልድይ አለ፣ አብዛኛው ባለደረጃ ነው፤ አንቀልባ ይሻላል። ብዙ የቦዩ ዳር አጥር ስለሌለው ትንሹ ከእጅ ወይም ከጀርባ አይወርድም። በሕዝብ ጀልባዎቹ ከ6 ዓመት በታች ነፃ ነው። ከተማው በተወሰኑ ቀናት ከቀን ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ይሰበስባል፤ የሚያድር ሰው አይከፍልም፣ ነፃ መሆኑን ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ይኖርበታል።

የመጨረሻውን ቤት የያዝነው ከፒያሳሌ ሮማ አደባባይ አጠገብ ነው። ወደ ማርኮ ፖሎ አውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ የሚነሳው ከዚያ ነው። ከሳንታ ሉቺያ ወደዚያ የሚያሻግረው አዲሱ ድልድይም ባለደረጃ ስለሆነ፣ በፒያሳሌ ሮማ በኩል ያለ ቤት ካገኙ በጠዋቱ ሻንጣ ይዞ ከመውጣትና ከመውረድ ይድናሉ።