«እርግጠኛ ነኝ» ለማለት ሦስት ወር

ድሬዳዋ፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሲወራ ይውላል፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መልእክት ግን በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ ያሉት የለመዱት ፈረንሳይኛ ነው፣ እኛ ደግሞ አማርኛ፤ እንግሊዝኛ መሀል ገብቶ ያገናኘናል። ባለፉት ሦስት ወራት አንድ ቃል ብቻ ይዤ ከረምኩ፦ «ሹር»፣ እርግጠኛ ማለት። እንግሊዝኛ አብረን የምናጠና ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ቃል ነው። እኔም አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።

ነገሩን የጀመረው አንድ መኪና ነው። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ በድንበሯ ከተማ በደወሌ በኩል የሚገባ መኪና ነበር። አለቃዬ «መኪናው መውጣቱን አረጋግጪልኝ» አሉኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «ፕሊዝ ሜክ ሹር ዘ ትራክ ሊቭስ ቱዴይ» ብዬ ጻፍኩ። በእኔ ሐሳብ «ዛሬ መውጣት አለመውጣቱን አጣሩልኝ» ማለቴ ነው። የደረሳቸው ግን «ዛሬ የግድ እንዲወጣ አድርጉ» የሚል ትእዛዝ ነበር፤ እንደተባሉትም አደረጉ። ሰነዱ ሳያልቅ መኪናው ወጣ፣ ደወሌ ላይ ሁለት ሌሊት ቆመ። ሹፌሩ ከዚያ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ደውሎ «እህቴ፣ ማን ነው ውጣ ያለኝ?» ያለኝ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የዚያን ቀን ማታ ደብተር ከፈትኩ። ዘዴዬ ቀላል ነው፦ በሥራ ላይ የተናገርኩትን ወይም የሰማሁትን «እርግጠኛ» ወይም «አረጋግጥ» ያለበትን አማርኛ እንዳለ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ እንግሊዝኛውን እሞክራለሁ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ካሉት ምሳሌዎች ጋር አስተያያለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ያንኑ የመኪናውን ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ «መውጣቱን አረጋግጥ» እና «እንዲወጣ አድርግ» ብለን ሁለቱን በግሡ እንለያቸዋለን። እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱም «ሜክ ሹር» ይላል፤ የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ነው። «ሜክ ሹር ዘ ትራክ ሃዝ ሌፍት» ካልኩ መኪናው መሄዱን ተመልከቱልኝ ማለት ነው፤ «ሊቭስ» ካልኩ ግን እንዲሄድ አድርጉት ነው። የወደፊት ነገር ቢሆንም ከ«ሜክ ሹር» በኋላ ብዙ ጊዜ «ዊል» አይገባም፤ የአሁን ጊዜ የግሥ መልክ የነገንም ይሸከማል። እኔ ለዓመታት «ሜክ ሹር ሂ ዊል ካም» እያልኩ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ማያያዣዎቹ ገባሁ፤ ብዙ ጊዜዬን የወሰደውም ይኸው ነው። ስናምን «ዛት» እንላለን፦ «አይም ሹር ዛት ሂ ዊል ካም»፣ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ። በንግግር «ዛት» ተውጦ ይቀራል፣ «አይም ሹር ሂል ካም» ይሉታል፤ አያስከፋም። ስንጠራጠር ግን በሩ ይቀየራል፦ «አይም ኖት ሹር ኢፍ ሂል ካም» ወይም «ዌዘር»። እኔ «ኢፍ» ሲባል «ቢመጣ»ና «ከመጣ» ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ መግባቱ ሁልጊዜ ይረብሸኝ ነበር። ያቃናልኝ «ዌዘር» ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ «ከሁለቱ የትኛው» ማለት ነበር። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቆምኩ፤ የእኛው «ይምጣ አይምጣ» እኮ ነው! እኛ ግሡን ሁለት ጊዜ ጠርተን ሁለቱን መንገድ እናሳያለን፣ እነሱ ሁለቱን መንገድ በአንድ ቃል ጠቅልለው ከፊት ያስቀምጡታል። ከዚያ ወዲህ «ይሁን አይሁን» የሚል አማርኛ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመጣ እጄ ራሱ «ዌዘር» ይጽፋል። ወዲያው ተከትሎት «ኦር ኖት» ሊገባም የሚችለው ከ«ዌዘር» ጋር ነው፤ «ኢፍ ኦር ኖት» አይባልም።

«አይም ኖት ሹር ዛት» የሚለውስ? ስሕተት አይደለም። ነገር ግን «የሚመጣ አይመስለኝም» ወደሚለው ያዘነብላል። ደንበኛ ዕቃዬ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ ይህን ብትጽፉለት አላወቅንም እንዳላችሁት አይወስደውም፤ ተስፋ ቆርጣችኋል ብሎ ያስባል። «አይም ሹር ኢፍ» ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፤ ካመኑ በኋላ ሁለት መንገድ የለምና።

ከየት፣ መቼና እንዴት ጋር ሲሆን የሚፈተነው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። «አይም ኖት ሹር ዌር ኢዝ ሂ» እያልኩ ነበር፤ ትክክሉ «ዌር ሂ ኢዝ» ነው። ጥያቄው «ሹር» ሥር ከገባ በኋላ ጥያቄነቱ ይቀራል። አማርኛ ይህን በ«እንደ» ይሠራዋል፦ «የት አለ?» የነበረው «የት እንዳለ» ይሆናል። ይህን «እንደ» በሰማሁ ቁጥር እንግሊዝኛውን ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር መመለስ ለመድኩ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልውሰዳችሁ። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ከሚጥሉበት መንገድ ዳር፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ አባት አሉ፤ አባባ ነው የምላቸው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች 1902 ነው፤ ከተማችንም በዚያው ነው የተቆረቆረችው፣ ኩባንያውም የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን ወርክሾፕ ውስጥ ስለጨረሱ ፈረንሳይኛው ዛሬም ከአፋቸው አልጠፋም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ይቀመጣሉ። ደብተሬን ሲያዩ «አንቺ፣ ‹ሹር› እኮ የእኛው ‹ሱር› ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንት ፈረንሳይኛ ነው፤ እዚያ የደረሰው ደግሞ ከላቲኑ «ሴኩሩስ» ነው፣ ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት ማለት። በየቀኑ ሰነድ ላይ የማየው «ኢንሹራንስ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ «ሹር» መሀሉ ላይ ተቀምጦ ስንት ዓመት ሳላየው አለፍኩ።

ከዚያ አባባ ጣታቸውን አንሥተው ሁለት ዓረፍተ ነገር አሰሙኝ። ይመጣል ብዬ አምናለሁ ሲሉ «ዠ ሱዊ ሱር ኪል ቪያ»፤ ሲጠራጠሩ «ዠ ነ ሱዊ ፓ ሱር ኪል ቪየን»። «ሰማሽ? ‹ቪያ› የነበረው ‹ቪየን› ሆነ። እኛ ዘንድ ጥርጣሬ ሲገባ የሚለወጠው ግሡ ነው።» ደግሜ አስባልኳቸው፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ ደገሙልኝ። እንግሊዝኛ ማያያዣውን ይለውጣል፣ ፈረንሳይኛ ግሡን ይለውጣል፣ አማርኛ ግሡን አጥፎ ይደግማል። የጅቡቲዎቹ መልእክት ለምን አንዳንዴ እንግዳ እንደሚሆንብኝ የገባኝ የዚያን ዕለት ነው፤ እነሱም እንደኔ ከራሳቸው ቋንቋ እየተነሡ ነበር።

ለምሳሌ «ኢት ኢዝ ሹር ዛት» እያልን ለሁለት ዓመት ተጻጽፈናል። እኔ ከ«እርግጥ ነው» አመጣሁት፣ እነሱ ከፈረንሳይኛው። እንግሊዝኛ እዚህ ቦታ የሚፈልገው «ሰርተን»ን ነው፦ «ኢት ኢዝ ሰርተን ዛት»። ልብ ብላችሁ ካያችሁት አማርኛችን ይህን ለይቶ ያውቃል። «እርግጥ» የነገሩ ነው፣ «እርግጠኛ» የሰውዬው። እርግጠኛ ነኝ እንላለን እንጂ እርግጥ ነኝ አንልም። «ሰርተን» ሁለቱንም ይሆናል፤ «ሹር» ማያያዣ ሲከተለው ግን ባለቤቱ ሰው እንዲሆን ይፈልጋል። ይህን ሕግ ከመጽሐፍ አልሸመደድኩትም፤ ቤቴ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ለዚህም ነው የማይረሳኝ።

ከሁሉ የከበደኝ «ሹር ቱ» እና «ሹር ኦፍ» ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ድሬዳዋ ከተማ የሚጫወትበት ቀን ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ይከራከራል። «ዘይ አር ሹር ቱ ዊን» ካልኩ የማምነው እኔ ነኝ፤ ተጫዋቾቹ ፈርተው ሊሆን ይችላል። «ዘይ አር ሹር ኦፍ ዊኒንግ» ካልኩ የሚያምኑት እነሱ ናቸው፤ እኔ በልቤ ይሸነፋሉ ልል እችላለሁ። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አልተለወጠም፣ የእምነቱ ባለቤት ግን ተለወጠ። አማርኛው «ማሸነፋቸው አይቀርም» እና «እናሸንፋለን ብለው እርግጠኛ ሆነዋል» ነው። ደብተሬ ላይ ሹር ቱን «አይቀርም» ብዬ ጻፍኩትና ተገላገልኩ። «ዘ ኮንቴይነር ኢዝ ሹር ቱ አራይቭ» ብዬ መጻፍ የምችለውም ለዚህ ነው፤ ኮንቴይነር አያምንም፣ መድረሱ ግን አይቀርም። ይህን ዝርዝር ለማጥራት አሥር ማታ ያህል ፈጀብኝ፤ አሁንም ስናገር አንዳንዴ እቆማለሁ።

ትእዛዝ ሲሆን «ቢ ሹር ቱ» ነው፦ «ቢ ሹር ቱ ኮል ሚ»፣ እንዳትረሳ ደውልልኝ። በንግግር «ቢ ሹር ኤንድ ኮል ሚ» የሚሉም አሉ፤ ስትሰሙት አትደናገጡ፣ ለቢሮ ጽሑፍ ግን አልመክረውም። «ሹር ኦፍ» እና «ሹር አባውት» ብዙ ጊዜ ይተካካሉ፣ እሱ ላይ አልቆየሁም።

ደብተሩ ውስጥ 140 ዓረፍተ ነገር ደርሷል። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ አሥራ አንዱ ስሕተት ነበር፣ ከመጨረሻዎቹ ሃያ ውስጥ ግን ሁለቱ ብቻ። ሁለቱም «ሹር ቱ» ላይ ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ አለቃዬ እንደገና «መኪናው መውጣቱን አረጋግጪልኝ» አሉ። ቬንትሌተሩ ስር ተቀምጬ ትንሽ አሰብኩና «ፕሊዝ ቼክ ዌዘር ዘ ትራክ ሃዝ ሌፍት» ብዬ ላክሁ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መልሱ መጣ፦ «ኖት ዬት። ዊ አር ዌይቲንግ ፎር ዘ ዶክመንትስ።» ሰነዱን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጨረስኩላቸው።