የሚኒባስ የኋላ ሳጥን፦ በሩ ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ

ከሚኒባስ ጀርባ የሚገጠም የዕቃ ሳጥን ከማሠራት በፊት የኋላውን በር እዩት። ወደ ላይ የሚከፈት ከሆነ በሩ ላይ ምንም አትሰሩ፤ የሚደግፉት የጋዝ ዘንጎች ክብደቱን አይችሉም፣ ማጠፊያውም ይላላል። ሸክሙን ከወለሉ ስር ያለው ሻንሲ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አካል) ይያዘው። ሳጥኑ ወደ ጎን በሚዞር ክንድ ላይ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ በሩ አይከፈትም።

80 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሳጥን በ1.5 ሚሊ ላሜራ ሲሠራ ባዶውን ወደ 19 ኪሎ ይደርሳል፤ በ2 ሚሊ አሉሚኒየም ግን ወደ 9 ኪሎ ነው። ከኋላ ጎማ ወዲያ የተንጠለጠለ ክብደት የፊቱን ጎማ ያቀላልና መሪው መንገድ በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ አሉሚኒየሙ ይሻላል። አሉሚኒየሙ ብረት በሚነካበት ቦታ ሁሉ ግን በመሃል ቁራጭ ጎማ አግቡበት፣ ያለዚያ እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ይበላል።

ማሰሪያው ባለ 10 ሚሊ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና በንዝረት የማይፈታ ላስቲክ ያለው ዳዶ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ።

የአዳማ አቧራ የሚሽከረከረው በትክክል ከመኪናው ጀርባ ነው። ክዳኑ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ የዙሪያው ጎማ አልገጠመም። ታርጋና የኋላ መብራት አይሸፈኑ፤ ከጭስ ማውጫውም አርቁት።