ከነመኪናችን የሚጭነን ባቡር

ባለፈው ወር እናቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የወሰድኋት በራሴ መኪና ነው። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ቢሆንም፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ከሐኪም ቤት ወደ ዘመድ ቤት የሚያመላልሳት መኪና እዚያም የግድ ያስፈልጋታል። 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁ። ደጀንን አልፈን የዓባይን በረሃ በሁለተኛ ማርሽ ስንወርድ፣ ከፊታችን ካለው የጭነት መኪና የጋለ ፍሬን ሽታ እየመጣ፣ እናቴ ከኋላ ወንበር ሆና በለሆሳስ ስትጸልይ እሰማት ነበር።

ከተመለስን ወዲህ፣ አመሻሽ ላይ በጣና ዳር በእግሬ ስሄድ፣ ተሳፋሪን ከነመኪናው የሚጭነው ባቡር ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። በስዊዘርላንድ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የሎችበርግ ዋሻ፣ ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ በባቡር ተጭነው ተራራውን ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በተከፈተው የእንግሊዝና የፈረንሳይ የባሕር ሥር ዋሻም በ35 ደቂቃ እንዲሁ ይሻገራሉ። ለእናቴ የሚሆናት ግን የአሜሪካው ነው፤ ከቨርጂኒያ ሎርተን እስከ ፍሎሪዳ ሳንፎርድ 1,370 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ይህ ባቡር መኪኖቹን በተዘጉ ፉርጎዎች፣ ባለቤቶቻቸውን ደግሞ በወንበርና በመኝታ ፉርጎዎች ጭኖ ከሰዓት በኋላ ይነሣና፣ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ በማግሥቱ ጠዋት ያደርሳቸዋል።

እነዚህን ሁሉ የሚነዳቸው ሰው ነው። ያለ ነጂ መጓዝም ቢሆን የተሞከረ ነገር ነው፤ በምዕራብ አውስትራሊያ የፒልባራ በረሃ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝሙ የብረት ማዕድን ባቡሮች ውስጣቸው ሰው ሳይኖር፣ ኮምፒውተር እየነዳቸው ይሄዳሉ። የማይደክምና የማያንቀላፋ ነጂ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን በልክ መያዙ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ማዕድን ሌሊት አይታመምም፤ ሰው በተኛበት ባቡር ላይ ግን የሚጠራ አስተናጋጅ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሐዲዱም ከብት በሚሰማራበት አገር ከዳር እስከ ዳር መታጠር አለበት።

ባሕር ዳር ገና ሐዲድ የላትም። ከሁሉ የሚከብደውም ያው በረሃው ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር መንሸራተት ስለሚቀናው፣ ባቡር የጭነት መኪና የሚወጣውን አቀበት አይወጣም። ሐዲዱ በየኪሎ ሜትሩ 25 ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል ብንል፣ 1,000 ሜትር ለመውረድ 40 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ የዓባይ ሸለቆ ደግሞ ከዚያም ይጠልቃል፤ ወርዶም ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል መውጣት አለ። ተራራውን የሚዞር ሐዲድ፣ ብዙ ዋሻና ረጃጅም ድልድዮች ማለት ነው። ወጪው ከባድ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ በሽተኛ ይዞ የወረደ ሰው ወጪውን የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነው።

የእናቴ ቀጣይ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ፍሬኑን ከወዲሁ አስፈትሻለሁ።