የተቆራረጠው መስመር

ወሎ ውስጥ ደላንታ ላይ የነበረን ሥራ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም። ለአንድ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሊጎለብት ነው። የኛ ቡድን ሸንተረሩን ተከትሎ ዐለቱን ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነበረበት።

አገሩ ለጂኦሎጂስት ደግ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እየተደጋገመ የፈሰሰው ላቫ ጥቁር ባዛልት ሆኖ ተደርድሯል። በመሃል ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ነጣ ያለ ኢግኒምብራይት ይገባል። በአንዳንዱ ፍሰት መካከል ደግሞ ቀይ አፈር አለ። ቀጣዩ ላቫ እስኪመጣ የበሰበሰ ድንጋይ ነው፤ ከላይ የመጣው ላቫ ጠብሶታል። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ይሰርግና እዚህ ሸክላማ አፈር ላይ ሲደርስ መውረድ ያቅተዋል። በጎን ይወጣል። ምንጭ የምንለው እሱን ነው። እኛም ባዛልቱና ቀይ አፈሩ የሚገናኙባትን ድንበር፣ በሙያው ቋንቋ ኮንታክቷን፣ ይዘን መሄድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንድን ንብርብር በመከተል እዚያው ደላንታ ያሉትን የወገልጤና ኦፓል (የጌጥ ድንጋይ) ቆፋሪዎች የሚያህል አላየሁም። ኦፓሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ ከዚያ ሁሉ ገደል አንዷን የኢግኒምብራይት ንብርብር ለይተው ይቆፍራሉ። ዲግሪ የጠየቃቸው የለም።

በሰሜን በኩል ድንጋዩ ያገጠጠ ስለሆነ ኮንታክቷን በእጃችን እየነካን ሄድን። መሃል ላይ ናዳና የእርሻ አፈር ሸፈናት። በደቡብ አንድ ጉብታ ላይ እንደገና ብቅ አለች፤ ግን ከጠበቅነው በጣም ዝቅ ብላ። ላቫው ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ የሚሠራቸው የባዛልት ዓምዶችም ነገር አላማረንም። ላቫው አግድም ተኝቶ ከቀዘቀዘ ዓምዶቹ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። የጉብታው ዓምዶች ግን ዘመዋል።

አብሮኝ የነበረው ጀማሪ ልጅ ኮምፓሱን ደጋግሞ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ጉብታ ከላይ ተንሸራቶ የወረደ አይመስልህም?» አለኝ። የማሳው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሰምተው ሳቁ። «ይሄ መሬት እኮ ይሄዳል ልጄ። አጥሬን ስንቴ መለስኩት!»

ስለዚህ የነካነውን በሙሉ መስመር፣ የገመትነውን በተቆራረጠ መስመር አሰመርን። ጉብታው ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግንበት። በሙያው የተለመደ ነገር ነው።

ካርታው ቢሮ ገብቶ ሲወጣ አምሮበታል። ያዘጋጀው ሰው የተቆራረጠው መስመር ያላለቀ ሥራ መስሎት ቀጣጥሎ ሙሉ መስመር አድርጎታል። የጥያቄ ምልክቷም የለችም። የዲዛይን መሐንዲሱ ይህን ይዞ የውሃ ታንከሩን የት ቢያደርገው ጥሩ ነው? ጉብታው ላይ! ሜዳ ነው፣ ለመንገድ ይቀርባል፣ ኮንታክቷም በሙሉ መስመር ሥሩ ታልፋለች። በእሱ አልፈርድም። በያዘው ወረቀት ከሄድን ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

የመስክ ደብተሬንና የዓምዶቹን ፎቶ ይዤ ሄድኩ። ብዙ አልተዋጠለትም። «ዓምድ ቢዘም ምን ይሆናል?» አለኝ። ቦታው ድረስ ወሰድነው። ሽማግሌው እየመሩ፣ ሲንሸራተት ደረጃ የሠራውን መሬትና የተጣመመውን አጥራቸውን አሳዩት። እኔ በዓምድ ያላሳመንኩትን እሳቸው በአጥር ጨረሱት።

ታንከሩ ወደ ሰሜን፣ ያገጠጠው ዐለት ላይ ሄደ። ቧንቧው ረዘመ፤ በበጀቱ ብዙ ተነታረክን። ካርታውም እንደገና ታተመ፣ ከነጥያቄ ምልክቱ። አሁን የመጨረሻውን ቅጂ ሳላይ ምንም ነገር እንዲታተም አልፈቅድም። ቢሮ ያሉት ልጆች በዚህ ጉዳይ አይወዱኝም።