ሦስት ደብር በአንድ ዓመት

ዛሬ ከሥራ ስወጣ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ወርጄ የትምህርት ማስረጃዎቼን ኮፒ አስደረግሁ። ቴምፖራሪዬ ታጥፎ ታጥፎ መሐሉ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ዋናው ዲግሪ ኮስት ሼሪንግ ተከፍሎ ሳያልቅ አይሰጥም፤ እኔ ደግሞ ገና ግማሹ ላይ ነኝ።

ውጭ ሄጄ ማስተርሴን ልሥራ ካልኩ ሁለት ዓመቴ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሰብአዊ መብት ነበር፤ ሁሉም የሚያስበው እሱን ነውና። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የድንበር ክርክር ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ጥማድ ስለማትሞላ መሬት በይግባኝ ከደምቢያ ጎንደር ይመላለሳሉ። አንድ ቀን የመኪናውን፣ የማደሪያውን፣ የጠበቃውን፣ ሳይታረስ የዋለውን ቀን ሁሉ በወረቀት ደመርኩት። መሬቷ በስንት ዓመት የምታበቅለውን ጤፍ በልተውታል! አምስት ዓመት ሕግ ስማር ይህን ስሌት ያሳየኝ አልነበረም። ለካ ስም አለው፤ ሕግና ኢኮኖሚክስ።

እናም ዓይኔ ያረፈው በ1990 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የአውሮፓ የሕግና ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ላይ ነው። አንድ ዓመት፣ ሦስት ተርም፣ 60 ክሬዲት። ሮተርዳም፣ ሃምቡርግና ጌንት አሉበት፤ ተማሪው ሁለት ወይም ሦስት ዩኒቨርሲቲ ተዘዋውሮ ይማራል። እኔ ሦስት ነው ያሰብኩት።

የማመልከቻ ደብዳቤዬ መጀመሪያ የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ መሆኑን ያወራ ነበር። ሰረዝኩት፤ ይህን የማይጽፍ የአገሬ ሕግ ምሩቅ ያለ አይመስለኝም። በምትኩ ወንድማማቾቹን አስገባሁ።

ማታ ለአጎቴ ነገርኳቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለቅኔ ጎጃም ዋሸራ የተንከራተቱ፣ አቋቋሙን እዚሁ ጎንደር በአታ የተማሩ። አገሩን ያወቁት በደበሎና በአኮፋዳ ነው። ይገረማሉ ብዬ ስጠብቅ ቡናቸውን ፉት አሉና፣

«ደግ ነው። ሁሉን ካንድ መምህር ማን አገኘው? ለመሆኑ የምታስመሰክሪው የትኛው ዘንድ ነው?» አሉኝ።

እስካሁን ይህን የጠየቀኝ የለም። ዲግሪውን የሚሰጡት የተማርኩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«ቁራሹስ?»

የአውሮፓ ኅብረትን የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ፕሮግራሞችንም ጎን ለጎን እየሞላሁ ነው፣ ከተገኘ በወር 1,400 ዩሮ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «በእንተ ስማ ለማርያም ሳይሉማ ምኑን ቆሎ ተማሪ ሆንሽው! ውሻውስ?»

ቪዛውን ነገርኳቸው። የአንዱ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ሌላው አገር በመሠረቱ የሚያስቆየው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መሆኑን፣ ተርሙ ከዚያ ካለፈ የዚያን አገር ሥርዓት መከተል እንደሚያስፈልግ፣ ለኤምባሲው ደግሞ አዲስ አበባ መመላለስ እንዳለ።

ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኛ ዱላ ነበረን» አሉ።