ማን ነው ያዘመመው?

የ1973 ፖርሽ 911 አለችኝ። ሞተሯ ከኋላ ነው። ዕድሜ ሲጨመርበት ጀርባዋ እየወረደ ሄዶ፣ ከጎን ሲያዩዋት ቁጢጥ ልትል ያሰበች ትመስላለች። ቅዳሜ ጠዋት "ትንሽ ከፍ አድርጌያት ለምሳ እደርሳለሁ" አልኳት ለሚስቴ። የየትኛው ቀን ምሳ እንደሆነ አልተናገርኩም።

ይቺ መኪና ከኋላ የምናውቀው ዓይነት ጥቅልል ሞላ የላትም። በግራም በቀኝም ቶርሽን ባር የሚባል ድፍን የብረት ዘንግ አላት። ጎማው ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ሞላ የሚሆነው እሱ ነው። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40 ጥርስ፣ የውጭው ደግሞ 44 ጥርስ አለው። ውስጡን አንድ ጥርስ ስታዞረው 9 ዲግሪ ይሄዳል። ውጭውን በተቃራኒው አንድ ጥርስ ስትመልሰው 8.2 ዲግሪ ገደማ ይቀነስልሃል። የምትቀረው አንድ ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ የመኪናዋን ከፍታ በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል የሚቻለው በዚህ ነው። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። የኔ ችግር "በተቃራኒው" የምትለዋ ቃል ላይ ነበር።

ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዞርኳቸው። 17 ዲግሪ! ከዘንጉ ጋር የተያያዘውን ክንድ ወደ ቦታው ለመመለስ ከሥር በክሪክ ገፋሁት። ንቅንቅ የለም። ጨመርኩ። ክንዱ ሳይሆን መኪናዋ ከድጋፏ ልትነሳ አለች። ያኔ ነው ክሪኩን ቀስ አድርጌ አውርጄ ሻይ የጠጣሁት።

እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ። በዚህ መሃል አንዲት ዳዶ ከእጄ ባመለጠች ቁጥር እየተንከባለለች ግራ የኋላ ጎማ ሥር ትገባለች። አራት ጊዜ! "ይቺ ዳዶ ነገር ፈልጋኛለች" ብዬ ሰደብኳት።

መኪናዋን አወረድኩ። ከክሪክ የወረደች መኪና ቦታ ቦታዋን እስክትይዝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መገፋት አለባት፤ ገፋኋት። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ለካሁ። ግራው በ2 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ግራውን ፈትቼ ዝቅ አደረግኩ። ትንሽ ቀረ። ደግሜ ፈታሁ። እሑድ አመሻሽ ላይ ግራና ቀኝ ልክ ሆኑ። ፎቶ ሁሉ አነሳሁ።

ሚስቴን ጠርቼ መኪናዋን ሜዳው መንገድ ላይ አወጣኋት።

"ምነው ወደ ግራ አዘመመች?"

"የቆምሽበት ቦታ ነው።"

ቦታ ቀየረች። "አሁንም አዘምማለች።"

ለካሁ። ግራው በ2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ውሃ ልክ ይዤ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ስመረምር ሚስቴ ተቀበለችኝና ጋራዡ ወለል ላይ፣ ግራ የኋላ ጎማ የሚቆምበት ቦታ አስቀመጠችው። አረፋዋ ወደ ዳር ሸሸች። ለካ ወለሉ እዚያ ጋ ለውሃ መውረጃ ተብሎ ጎድጎድ ብሏል። ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ የመኪናዋ አካል እኩል አብሮት አይወርድም፤ ስለዚህ ፓራፋንጎው ከጎማው የራቀ ይመስላል። ሁለት ቀን ሙሉ መኪናዋን ለጋራዡ በልክ ስሰፋት ነበር። ዳዶዋ ከጠዋት ጀምሮ ስትነግረኝ ውላለች።

እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ መኪናዋን ማየት የሚፈልግ እንግዳ ከመጣ፣ ጋራዡ ውስጥ ብቻ ነው የማሳየው።