ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን

ዛሬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲበረታ የጎረቤቴ ልጅ እናቷ እስክትመለስ እኔ ቤት ተጠለለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ብስኩት ሰጠኋት።

«ጾም ነው» አለችኝ።

ማሸጊያውን ገልብጬ አነበብኩና «ወተት የለበትም፣ የጾም ነው» ብዬ ተከራከርኩ።

«እሱማ ይሁን፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ ነው፤ የልጆች ጾም ይሉታል። የሰፈራችን ሥጋ ቤትም በሩን ከዘጋ ሰንብቷል። እኔ ግን ጾም ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ምክንያቶቼንም በደንብ ደርድሬ አስቀምጫለሁ። ታዲያ ወተት የገባበትን ቡናዬን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ምን አስደበቀኝ? ማንም አልጠየቀኝም እኮ!

ልጅቷ ብስኩቱን በሶፍት ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ምራቋን ዋጥ ታደርግና የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ ታያለች። ሆዷ ሲጮህ እኔም ሰማሁ፤ እሷ አፍራ ሳቀች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ጊዜ አላማረረችም። እኔ ምሳ በአሥር ደቂቃ ሲዘገይ የማደርገውን ቤተሰቦቼ ያውቃሉ።

ልክ ዘጠኝ ሲሆን አማተበች፤ ብስኩቱን ለሁለት ገመሰችና ትልቁን ዘረጋችልኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ምንም ሳይቀምሱ ዋሉ።»

ተቀበልኳት። ቡናው እስካሁን እዚያው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው።